«ልጄ አፉን አልፈታም፤ እስከ መቼ ልጠብቅ?»

በዚህ እትም ስለ ልጆች ንግግር ከደረሱን ጥያቄዎች ሦስቱን መርጠናል፤ መልሱን ያዘጋጁት የአምዳችን የንግግርና የቋንቋ ሕክምና ባለሙያ ናቸው።

ጥያቄ፦ ልጄ 2 ዓመት ከ10 ወሩ ነው። የሚናገራቸው ቃላት ከአሥር አይበልጡም፤ እነሱንም ቢሆን ከእኔና ከሞግዚቱ በቀር የሚረዳለት የለም። አንድ ነገር ሲፈልግ እጄን ይዞ እየጎተተ ወደ ፍሪጁ ይወስደኛል። አማቴ «አባቱም አፉን የፈታው በአራት ዓመቱ ነው፤ ወንድ ልጅ ይዘገያል» ይሉኛል፤ ጎረቤቶቼ ደግሞ ምላሱ ስለተያያዘ ይቆረጥለት ይላሉ። መስማቱን አልጠራጠርም፤ የቴሌቪዥን ዘፈን ሲሰማ ከሌላ ክፍል ሮጦ ይመጣል። የንግግር ሕክምና የሚባለው ነገር በእርግጥ ይጠቅማል? ከየትስ ልጀምር? (እናት፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ውድ እናት፣ ከዚህ በላይ አይጠብቁ። አማትዎ የተናገሩት ከልምዳቸው ነው፤ ልምዳቸውም መሠረት የለውም ለማለት አልደፍርም፤ ወንዶች ልጆች በአማካይ ከሴቶቹ ጥቂት ዘግይተው እንደሚናገሩ፣ የንግግር መዘግየትም በቤተሰብ ውስጥ እንደሚደጋገም የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ በወንድና በሴት መካከል ያለው ልዩነት ቢበዛ የጥቂት ወራት እንጂ የዓመታት አይደለም፤ የአባቱ መዘግየትም ልጁን ቶሎ ለማስመርመር ተጨማሪ ምክንያት እንጂ እጅን አጣጥፎ ለመቀመጥ ማስረጃ አይሆንም። አብዛኞቹ ልጆች በ1 ዓመታቸው ስማቸው ሲጠራ ዞር ይላሉ፤ በ2 ዓመታቸው 50 ያህል ቃላት ይኖሯቸዋል፣ «እማ ነይ» እያሉም ሁለት ቃል ማገናኘት ይጀምራሉ፤ 3 ዓመት ሲሞላቸው ደግሞ የማያውቃቸው ሰው እንኳ አብዛኛውን ንግግራቸውን ይረዳል። በልጅዎና በዚህ መካከል ያለው ርቀት ባለሙያ ሊያየው የሚገባ ነው።

የመጀመሪያው ጉዞ ወደ ንግግር ባለሙያ ሳይሆን ወደ ከአንገት በላይ ሐኪም ይሁን። ዘፈን ሰምቶ መምጣቱ ጆሮው ደህና መሆኑን አያረጋግጥም፤ ከበሮውንና ወፍራሙን ድምፅ አጥርቶ የሚሰማ ልጅ እንደ «ስ»፣ «ፍ» እና «ሽ» ያሉትን ቀጫጭን ድምፆች ላይሰማ ይችላል፤ ያልሰማውን ድምፅ ደግሞ ሊናገረው አይችልም። ጉንፋን ሲደጋገም ከታምቡሩ በስተጀርባ ፈሳሽ እየተጠራቀመ፣ ጆሮውን ሳያመው መስማቱን ብቻ ለወራት የሚያደበዝዝበት አጋጣሚም ብዙ ነው። በጥቁር አንበሳና በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታሎች፣ እንዲሁም በበርካታ የግል ክሊኒኮች ከአንገት በላይ ክፍል አለ። ምርመራው አያምም፤ ልጁ መልስ እንዲሰጥ የማይጠይቁ፣ ተኝቶም ቢሆን የሚሠሩ የመስማት መለኪያዎች አሉና «ትንሽ ስለሆነ አይመረመርም» የሚልዎት ቢኖር ሌላ ቦታ ይጠይቁ።

ስለ ምላሱ፦ ከምላስ ሥር ያለችው ክር ያጠረች እንደሆነ አንዳንድ ድምፆችን ማጥራት ሊያስቸግር ይችላል፤ ልጅን ከነጭራሹ ቃል አልባ ግን አታደርግም። ንግግር የሚጀምረው ከመረዳትና ከመግባባት ፍላጎት ነው። ስለዚህ ሐኪም ሳያየው ምላሱን እንዳያስቆርጡት፤ እንጥል ማስቆረጥማ ጭራሽ የማይታሰብ ነው፤ ደም መፍሰስንና ኢንፌክሽንን እንጂ ንግግርን ሲያመጣ አልታየም። ጸበል ከወሰዱት እምነትዎ ነው፤ የምለምንዎ ግን የጆሮ ምርመራው ጸበሉ እስኪያልቅ ተብሎ ለሌላ ጊዜ እንዳይተላለፍ ነው።

ከጻፉልኝ ሁሉ ይበልጥ ያሳሰበኝ እጅዎን እየጎተተ ወደ ፍሪጁ መውሰዱ ነው። እዚያ ሲደርስ ዓይንዎን ያያል ወይስ እጅዎን ብቻ እንደ መክፈቻ ይጠቀምበታል? የሚያስገርመው ነገር ሲያገኝ፣ ለምሳሌ ድመት በመስኮት ሲያይ፣ እርስዎም እንዲያዩለት በጣቱ ያመለክታል? ሲጠሩት ዞር ይላል? የነበሩት ቃላት ጠፍተውበት ያውቃሉ? መልስዎ ወደ አሉታው ካዘነበለ፣ በተለይም ቃላት ጠፍተውበት ከሆነ፣ የሕፃናት ሐኪም ኦቲዝምን (ከሰው ጋር መግባባትን የሚያስቸግር የእድገት ሁኔታ) ጨምሮ አጠቃላይ እድገቱን እንዲያይልዎ ይጠይቁ። በአዲስ አበባ በዚህ ረገድ በወይዘሮ ዘሚ የኑስ የተመሠረተው የጆይ ኦቲዝም ማዕከልና ነህምያ ኦቲዝም ማዕከል ይታወቃሉ። ባለሙያው ከፈላጊው ቁጥር ጋር ስለማይመጣጠን ተራ መጠበቅ ሊኖር ይችላልና ዛሬውኑ መመዝገብ ይበጃል።

ሕክምናው ይጠቅማል። ሆኖም ምን እንደሆነ ቀድመው ይወቁት። ጥሩ ባለሙያ ልጁን ወንበር ላይ አስቀምጦ «በል እማማ፣ በል አባባ» አያስብልም፤ መሬት ላይ አብሮት ተቀምጦ በኳስና በመኪና እየተጫወተ፣ ልጁ የሚናገርበትን ምክንያት ይፈጥርለታል። እርስዎንም ከክፍሉ አያስወጣም፤ በሳምንት አንድ ሰዓት ባለሙያው የሚሠራው፣ በቀሪዎቹ ቀናት ቤት ውስጥ ካልተሠራበት ብዙም አይራመድም። «በሁለት ወር ውስጥ አናግረዋለሁ» ብሎ ቃል ከሚገባ ሰው ይራቁ፤ እንዲህ ያለ ዋስትና ሊሰጥ የሚችል ባለሙያ የለም። ለመጀመሪያው ቀጠሮ የሚናገራቸውን ቃላት እሱ እንደሚላቸው አድርገው ይጻፉ፤ ቤት ውስጥ ሲጫወትም ጥቂት ደቂቃ በስልክዎ ይቅረጹት፤ ልጆች በእንግዳ ክፍል ዝም ይላሉና ቪዲዮው ብዙ ይረዳናል።

እስከዚያው ድረስ ፍሪጁ ራሱ ጥሩ መለማመጃ ነው። ሙዝ ፈልጎ ሲጎትትዎ ቶሎ አይስጡት፤ ሙዙን በፊትዎ ትይዩ ያዙት፤ በልብዎ እስከ አምስት እየቆጠሩ በጉጉት ይጠብቁት፤ ዓይኑን ካነሣ ወይም ማንኛውንም ድምፅ ካሰማ «ሙዝ!» ብለው ይስጡት። «ሙዝ በል፣ በል እንጂ!» ብለው አያስጨንቁት፤ እስኪናገር ብለውም አያስርቡት። ሲላጥ «ሙዝ ላጥን» ይበሉት፤ «ሙ» ካለም እርስዎ «ሙዝ ስጪኝ» ብለው ያሟሉለት። ስልክንና ቴሌቪዥንን በተመለከተ የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለዚህ ዕድሜ በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ባነሰ ቁጥርም የተሻለ እንደሆነ ይመክራል። ካርቱን ልጅዎን አላሳመመውም፤ ግን መልስ የማይጠብቅ ተናጋሪ ስለሆነ የሰውን ቦታ አይተካም።

ጥያቄ፦ የምንኖረው ቨርጂኒያ ነው። ሴት ልጃችን 26 ወሯ ሲሆን ሁለት ቃል አገናኝታ አታውቅም። የመዋያዋ አስተማሪ «ሁለት ቋንቋ አምታቶባት ነው፤ ቤት ውስጥ እንግሊዝኛ ብቻ ተናገሩ» አለችን። አብራን የምትኖረው እናቴ ግን እንግሊዝኛ አትችልም። ምን ይሻለናል? (አባት፣ ከአሌክሳንድሪያ)

መልስ፦ ውድ አባት፣ አማርኛውን አይተዉት። ሁለት ቋንቋ መስማት የንግግር መዘግየትን አያስከትልም፤ የመዘግየት ችግር ያለበት ልጅም በአንዱ ቋንቋ እንጂ በሁለቱ አይማርም የሚለው አባባል ማስረጃ የለውም። እንዲያውም አያቷ ዝም ካሉ ልጅቱ የምታጣው በቀን ውስጥ ከሁሉ በላይ ጊዜ ያላትን አጫዋቿን ነው፤ ወላጆችም በማይቀናቸው ቋንቋ ሲናገሩ ንግግራቸው ያጥራል፣ ተረቱም ዘፈኑም ይቀራል። ቃላቷን ሲቆጥሩ የአማርኛውንና የእንግሊዝኛውን ይደምሩ፤ እንግሊዝኛውን ብቻ የሚቆጥር መዝጋቢ ካላት አሳንሶ ይጽፋል። ድምሩም አነስተኛ ከሆነ ግን መዘግየቱ እውነተኛ ነው፤ ያኔም ቋንቋውን ከመቀነስ ይልቅ ምርመራ ይጠይቁ።

እርስዎ ባሉበት አገር ይህን ለመጠየቅ የሐኪም ደብዳቤ አያስፈልግዎትም። አይዲኢኤ በሚባለው የፌዴራል ሕግ መሠረት ከ3 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት የእድገት ምርመራ በነፃ ይደረጋል፤ በቨርጂኒያ ኢንፋንት ኤንድ ቶድለር ኮኔክሽን፣ በዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ ስትሮንግ ስታርት ወደሚባሉት ፕሮግራሞች ወላጅ ራሱ መደወል ይችላል። ከጥሪው በኋላ ምርመራውና የመጀመሪያው የዕቅድ ስብሰባ በ45 ቀናት ውስጥ መጠናቀቅ አለባቸው። በቤታችሁ ቋንቋ እንድትመረመር፣ አስተርጓሚ እንዲመደብላችሁም ይጠይቁ፤ ውለታ ሳይሆን መብት ነው። ምርመራው ነፃ ቢሆንም ለሕክምናው በገቢ መጠን የሚከፈል ነገር ሊኖር ስለሚችል በመጀመሪያው ስልክ ይጠይቁ። 3 ዓመት ስትሞላ ኃላፊነቱ ወደ ሕዝብ ትምህርት ቤቱ ስለሚዞር፣ ጉዳዩን ከልደቷ ወራት ቀደም ብላችሁ መጀመር ይገባችኋል።

ጥያቄ፦ የአራት ዓመት ልጄ ካለፈው ወር ጀምሮ «ከ-ከ-ከረሜላ» እያለ መንተባተብ ጀምሯል። «ቀስ ብለህ ተናገር» ብንለውም አልተሻለውም። እንዲያውም አንዳንዴ ጀምሮ ይተወዋል። (እናት፣ ከደሴ)

መልስ፦ ውድ እናት፣ በ2 እና በ5 ዓመት መካከል የሚጀምር መንተባተብ በአብዛኞቹ ልጆች ላይ ራሱን ችሎ ይጠፋል። «ቀስ በል» ማለቱን ግን ያቁሙ፤ ልጁ አነጋገሩ ስህተት እንደሆነ ይሰማውና ጀምሮ መተውን ይለምዳል። በምትኩ እርስዎ ራስዎ ቀስ ብለው ይናገሩ፤ ዓረፍተ ነገሩን አይጨርሱለት፤ ወንድምና እህቶቹም ተራውን እንዳይነጥቁት፣ «ኮልታፋ» ብለውም እንዳይጠሩት ያድርጉ። ስድስት ወር ካለፈው፣ ቃሉን ለማውጣት ፊቱ ወይም አንገቱ ከተወጣጠረ፣ ወይም ከቤተሰቡ በአዋቂነቱ የሚንተባተብ ሰው ካለ ወደ ባለሙያ ይውሰዱት። አሁን እንደሚያደርገው ጀምሮ መተው ከቀጠለ ግን ስድስቱን ወር አይጠብቁ፤ ደሴ ላይ የንግግር ባለሙያ ካላገኙ ከሕፃናት ሐኪም ይጀምሩ፤ ሲንተባተብም፣ ሲቀናውም የተቀረጸ ቪዲዮ ይዘው ይሂዱ።