መደቡን በሲሚንቶ አያስገንቡ

ወንድሜ፣ ጥያቄዎን አየሁት። ጡረታ ወጥተዋል፣ ጉልበትዎ አልታጠፍ ብሏል፣ ጓሮዎ መረሬ፣ ያ ጥቁር የሸክላ አፈር ነው፤ ከፍ ያለ የአትክልት መደብ እንዴት ላሠራ ነው ያሉት። የእኔው ታሪክ ነው። 66 ዓመቴ ነው፣ ያለሁትም እዚሁ ደብረ ብርሃን ነው።

1. ከፍታው የወንበር ያህል ይሁን፣ 50 ሳንቲ ሜትር ገደማ። ወርዱ ከ1 ሜትር ከ20 አይለፍ፣ ከሁለቱም ወገን እጅዎ መሃሉ ድረስ እንዲደርስ። ጠርዙ ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ ያስደርጉ፤ ቁጭ ብለው ያርማሉ።

2. በሲሚንቶ አያስገንቡ። ይሄን ከሰሙኝ ሌላውን ቢተዉትም አይከፋኝም።

እኔ ያመጣሁት ግንበኛ «እማማ፣ ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ልሥራልዎት» አለኝ። ውሃ መውጫ ተውለት ብለው «ግንቡ ይቦረቦራል» ብሎ ዘጋኝ። ጥቁር ድንጋዩን በሲሚንቶ ግጥም አደረገው። ውስጡን ከዚያው ከጓሮው በተቆፈረ መረሬ ሞላው። ሐምሌ ላይ መደቡ ገንዳ ሆነ። ቆስጣዬን ስነቅለው ሥሩ ጠቁሮ ይሸታል። መረሬ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ነሐሴ ላይ አብጦ የግንቡን ጥግ ሰነጠቀው። ጣቴ ይገባ ነበር። ታኅሣሥ ላይ አንዱ ወገን ተዘረረ። ሰውየው ስልክ አያነሳም። የሁለት ወር ጡረታዬ እዚያ ቀረ።

በዚያ ላይ አንድ ቢሮ ያለ ፈቃድ ገንብተሻል ብሎ ሦስት ቀን አመላለሰኝ። ለጎመን መደብ! በዚህ ጉልበቴ ኮሪደር ላይ ሲያቆሙኝ ቁጭ በይ ያለኝ የለም። እስካሁን ያንገበግበኛል።

እዚሁ ሰሜን ሸዋ የጅሩ ገበሬ እኮ መረሬ ላይ ሲዘራ ማሳውን በእጁ እየዛቀ መደብና ቦይ ያወጣለታል፣ ውሃው እንዲወጣ። እኔም ያንን ማሰብ ነበረብኝ።

ድንጋዩን አልጣልኩትም። የመንዝ ሰው የሆነ ጎረቤቴ ያለ ሲሚንቶ በደረቁ ካበልኝ፣ ወደ ውስጥ ትንሽ ዘንበል አድርጎ። ውሃው በድንጋዮቹ መሃል ይወጣል። ከሥር አንድ ስንዝር ጠጠር አለበት። ከላይ መረሬ፣ ደለልና የበሰበሰ ፍግ እኩል እኩል ቀላቅለን ሞላን። ፍጉን ቀደም ብለው ላም ላለው ሰው ይንገሩ፤ እኛ አገር እበቱ ሁሉ ኩበት ሆኖ ያልቃል።

3. ውርጩን ያውቁታል። ከኅዳር እስከ ጥር ማታ ማታ ጆንያ ያልብሱት። እኔ አንድ ቀን ረስቼ ድንቼ እንደ ተቀቀለ ሆኖ አደረ። ባሕር ዛፍ አጠገብም አይሥሩት፣ ሥሩ ውሃውን ይጨርሰዋል።

ካቡ ሦስት ክረምት አልፎታል፣ አንድ ድንጋይ አልተነቃነቀም። ዛሬ ጠዋት ጠርዙ ላይ ቁጭ ብዬ ነጭ ሽንኩርቴን አርሜ ጨረስኩ። ካብ የሚክብልዎት ሰው ካጡ ይጻፉልኝ፤ ጎረቤቴን እጠይቅልዎታለሁ።