ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ «ልጄ የተማረውን ቶሎ ይረሳል»

ጥያቄ፦ ልጄ 4 ዓመት ከመንፈቁ ነው። ትናንት ያወቀውን ፊደል ዛሬ ይረሳል። «ጫማህንና ቦርሳህን አምጣ» ስለው ጫማውን ብቻ ይዞ ይመጣል። የጎረቤታችን ልጅ በሱ ዕድሜ ማንበብ ጀምራለች። የማስታወስ ችሎታ ይጨምራል የተባለ ሽሮፕ ከፋርማሲ ገዝቼ ሁለት ወር ሰጠሁት፤ ለውጥ የለም። አስተማሪው ደግሞ አልፎ አልፎ ክፍል ውስጥ ይፈዛል ትላለች። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ውስጥዎን የሚበላዎት «ልጄ ዘገምተኛ ይሆን?» የሚለው ይመስለኛል። ስለ ፊደሉና ስለ ቦርሳው የነገሩኝ እንዲህ አያሰኝም። በዚህ ዕድሜ ልጅ በአንዴ የሚይዘው ትእዛዝ ጥቂት ነው። መንገድ ላይ ኳስ ካየ ቦርሳው ቀረ። የፊደል ገበታው ደግሞ 231 ቅርጽ አለው፤ ለትልቅ ሰውም ቀላል አይደለም። ይልቅ ለፋሲካ ማን ቤት እንደሄዳችሁ ይጠይቁት። አቀላጥፎ ከነገረዎት ማስታወስ ይችላል።

ሽሮፑን ግን ለምን? ልጅን አስታዋሽ የሚያደርግ ሽሮፕ የለም። ደም ማነስ ካለበት በምርመራ ይታወቃል። ብረት ያለበት ሽሮፕ ከመጠን ካለፈ ሕፃን ይመርዛል። ሁለት ወር ሙሉ በግምት!

እኔን ያሳሰበኝ መጨረሻ ላይ ጣል ያደረጓት ነገር ናት፤ መፍዘዙ። የሰለቸው ወይም እንቅልፍ ያነሰው ልጅም ይፈዛል፤ ትከሻውን ሲነኩት ግን ይመለሳል። ሌላ ዓይነት አለ። እያወራ ሳለ ድንገት ቀጥ ይላል። ዓይኑ አንድ ቦታ ይተከላል፣ ሽፋሽፍቱ ሊርገበገብ ይችላል። ቢጠሩትም ቢነኩትም መልስ የለም። ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ ምንም እንዳልተፈጠረ ይቀጥላል። ይህ አንዱ የሚጥል በሽታ ዓይነት ነው። ልጁ አይወድቅም፣ አረፋ አይደፍቅም፤ ስለዚህ ቤተሰብ ሳያውቀው ይቆያል። በቀን ሲደጋገም ትምህርቱ እየተቆራረጠ ያልፈዋል፤ ከዚያ «ይረሳል» ይባላል። ያልሰማውን እንዴት ያስታውሰው?

አስተማሪዋን ይጠይቋት። በቀን ስንቴ? ምን እያደረገ? ሲነካ ይመለሳል? ቤት ካዩት በስልክዎ ይቅረጹት፤ ለሐኪም ቪዲዮው ከብዙ ወሬ ይሻላል። ሐኪሙ የአንጎል ኤሌክትሪክ ምርመራ ሊያዝ ይችላል። በሽታው ከተገኘም አይደንግጡ፤ መድኃኒት አለው፣ ብዙዎቹን ልጆች ሲያድጉ ይተዋቸዋል። ጸበል መውሰድዎን አልቃወምም፤ የተጀመረ መድኃኒት ግን በራስዎ አያቋርጡ። «እስቲ ይደግ» ብሎ መጠበቅን ግን በጭራሽ አልቀበልም። እስኪታይ ድረስ ውሃ ውስጥ ብቻውን አይግባ። ጆሮውንም አብረው ያስመርምሩ።

በዚህ ሳምንት የሕፃናት ሐኪም ጋ ይውሰዱት። የሽሮፑንም ጠርሙስ ይዘው ይሂዱ፤ ምን እንዳለበት ሐኪሙ ያንብበው።