ነዳጁ አነሰ ወይስ ሞተሩ ደከመ?

ጥያቄ፦ ለመመረቂያ ሥራችን 24 ኪሎ ግራም የምትመዝን የጨረቃ ሳተላይት እየነደፍን ነው። 7 ኪሎ ግራም ሃይድራዚን የተባለ ነዳጅ ትይዛለች፤ የሞተሯ ግፊት 1 ኒውተን ነው። በኮምፒውተር ስንሞክራት ጨረቃን አልፋ ትሄዳለች። ነዳጅ እንጨምር?

መልስ፦ አትጨምሩ። ከነዳጁ በፊት የሚያጥራችሁ ጊዜ ነው። በቀጥታው መንገድ በጥቂት ቀናት የደረሰች ሳተላይት ከጨረቃ ገጽ በላይ 100 ኪሎ ሜትር ላይ ስታልፍ በሴኮንድ 2,460 ሜትር ገደማ ትበራለች። ክብ ምሕዋር ለመያዝ 830 ያህሉን መቀነስ አለባት። በእናንተ ሞተር ይህ አራት ሰዓት ተኩል ይፈጃል፤ እርሷ ግን በሃያ ደቂቃ ከዚያ ነጥብ ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃለች። ነዳጃችሁም ቢሆን የሚቀንሰው 740 ብቻ ነው።

አሁን 830ውን ለሁለት ክፈሉት። የሚያስቸኩለው ከጨረቃ ስበት ላለማምለጥ የሚያስፈልገው 150 ያህሉ ነው። አንዴ ከተያዘች በረጅም ሞላላ ምሕዋር ስለምትመላለስ፣ የቀረውን 680 በየዙሩ ለጨረቃ በምትቀርብበት ነጥብ ላይ በጥቂት በጥቂቱ ታቃጥላላችሁ።

ያንን 150 ለፀሐይ ተዉላት። ሳተላይቷ ወደ 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ወጥታ ትመለስ፤ እዚያ የፀሐይ ስበት ምሕዋሯን ቀስ በቀስ ይለውጠውና ስትመለስ ከጨረቃ ጋር በተቀራረበ ፍጥነት ትደርሳለች። የጃፓኗ ሳተላይት ሂተን ጨረቃን ለመዞር የሚበቃ ነዳጅ አልነበራትም፤ ጨረቃን እንድትዞር የላከቻት ትንሿ ሳተላይት ሃጎሮሞ ሬዲዮዋ ስለተበላሸ ግን፣ በእርሷ ፈንታ፣ የምሕዋር ስሌት ባለሙያዎቹ ኤድዋርድ ቤልብሩኖና ጄምስ ሚለር ባሰሉት በዚህ ዓይነት መንገድ በ1991 እ.ኤ.አ. ጨረቃ ጋ ደረሰች። የደቡብ ኮሪያዋ ዳኑሪም ክብደቷ ከ550 ወደ 678 ኪሎ ግራም ሲያድግባት ይህንኑ መረጠች፤ በነሐሴ ወር 2022 ተተኩሳ በታኅሣሥ ደረሰች።

ዋጋው ወራት ነው፤ አንቴናም ጭምር። ርቀቱ የጨረቃን አራት እጥፍ ስለሚጠጋ ምልክቱ አሥራ አምስት ጊዜ ያህል ይደክማል። በፀሐይ እርዳታ መያዟም ውሰት ነው፤ በመጀመሪያው መቃረብ ካላቃጠላችሁ ተመልሳ ልታመልጥ ትችላለች። ለመንገድ ማስተካከያ የሚተርፋችሁ በሴኮንድ 60 ሜትር ብቻ ስለሆነ እኔ ብሆን ክብ ምሕዋሩን እንደገና አስብበት ነበር። የጨረቃ ስበት ወጣ ገባ ስለሆነ ዝቅ ያለ ምሕዋርን ያዛባል፤ አፖሎ 16 በ1972 የተዋት ትንሽ ሳተላይት በ35 ቀን ወድቃለች። መሣሪያችሁ ከሞላላ ምሕዋር መሥራት ከቻለ እዚያው አቁሟት።