ቅዳሜ ማታ ከአርታኢው ጋር፦ መንፈሳዊ መጽሐፍ ለምትጽፉ

ዛሬ ጥያቄያችሁን ለመመለስ እስከ ማታ አራት ሰዓት አለሁ። ለማታውቁኝ፣ ከሃያ ዓመት በላይ የሰው ረቂቅ ሳርም የኖርኩ ሰው ነኝ። የኦርቶዶክሱንም የወንጌላውያኑንም አርሜያለሁ። አታሚ አይደለሁም። ስፖንሰርም አላገናኝም። «መጽሐፍ መጻፍ ፈልጌ ነበር፣ ምን ይመክሩኛል?» የሚል ጥያቄ አልመልስም። ምን ጻፋችሁ? ስንት ገጽ ደረሰ? ማን አነበበው? እነዚህን ይዛችሁ ኑ።

የሐዋሳዋ፦ ጋሼ፣ ስለ ይቅርታ 140 ገጽ ጽፌያለሁ። ለጸሎት ጓደኞቼ አስነበብኳቸው። ሁሉም «ተባረኪ፣ እንባዬ መጣ» አሉኝ። አሁን ማተሚያ ቤት ልሂድ?

መልስ፦ አትሂጂ። «ተባረኪ» ምርቃት ነው። አሜን ብለሽ ተቀበይው። ሂስ ግን አይደለም። እነዚያ ልጆች አንቺን ያውቁሻል። መጽሐፉ ላይ የጎደለውን ከሚያውቁት ታሪክሽ እየሞሉ ነው ያነበቡት። ገዝቶ የሚያነብሽ ሰው ግን አያውቅሽም።

አራት ወይም አምስት ሰው ፈልጊ። እንዳንቺ የሚጽፉ ይሁኑ። በየሁለት ሳምንቱ አንድ አንድ ምዕራፍ ተለዋወጡ። አንቺ ያላነበብሽለት ሰው ያንቺን እንዲያነብ አትጠብቂ። «ወደድኩት» ማለት ክልክል ይሁን። ሦስት ጥያቄ ብቻ ተጠያየቁ። የት ላይ ሰለቸህ? የት ላይ አልገባህም? የት ላይ አላመንከኝም? ሦስተኛዋን አደራ። ምስክርነት ስንጽፍ ጭንቁ ላይ ስንደርስ «ከዚያ ጌታ ጣልቃ ገባ» ብለን እንዘላለን። አንባቢ ደግሞ እዚያ ጋ ነው የሚጥለን። የተጣላሽው ሰው ምን አለሽ? ስንት ፋሲካ ሳትነጋገሩ አለፈ? መጀመሪያ ማን ደወለ? ይሄ ከሌለ የይቅርታ መጽሐፍ የለም።

እኛ በ1990ዎቹ አምስት ሆነን ሐሙስ ሐሙስ ስድስት ኪሎ አንዲት ሻይ ቤት እንገናኝ ነበር። ረቂቁን ፎቶ ኮፒ አድርገን ነው የምንመጣው። አንዱ ዲያቆን ነበር፣ ሁለቱ ጴንጤዎች። አንድ ቀን አንዱ ምዕራፌን አንብቦ «ይሄ ስብከት ነው፤ ሰው የለበትም» አለኝ። ሦስት ሳምንት አኮረፍኩት። በአራተኛው ሳምንት ምዕራፉን ቀድጄ ሄድኩ። እስከ ዛሬ ረቂቄን መጀመሪያ የሚያየው እሱ ነው።

ጀማሪው፦ ጋሽዬ እንዴት ነው ደራሲ መሆን የሚቻለው?

መልስ፦ መግቢያውን አንብብ።

ከቤይሩት፦ ጋሼ ሰላም ነዎት? ሰው ቤት ነው የምሠራው። ማታ ማታ በስልኬ እጽፋለሁ። እስካሁን ሠላሳ ገጽ ይሆናል። እዚህ የሚያነብልኝ የለም። እሁድ ቸርች ብሄድም ለማውራት እንኳ ጊዜ አናገኝም።

መልስ፦ እግዚአብሔር ይመስገን። በርቺ። ሦስት ነገር ልንገርሽ። አንደኛ፣ የጻፍሽውን ዛሬውኑ ለራስሽ በኢሜይል ላኪው። ስልክ ይጠፋል፣ ይሰበራል። ሁለተኛ፣ የአሠሪዎችሽን ስምና ሰፈር ቀይሪ። ሦስተኛ፣ አንባቢ የግድ ጎረቤት መሆን የለበትም። ከላይ የጻፈችውን የሐዋሳዋን አናግሪያት። ሰዓታችሁ ከሞላ ጎደል አንድ ነው። ለመጻፍ የደከመሽ ማታ በድምፅ ቅጂ ተናገሪና ላኪላት። ስትነጋገሩ ያወራሽው ከጻፍሽው የሚሻል ከሆነ፣ ያወራሽውን ጻፊ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። «ብር ላኪ፣ አሳትምልሻለሁ» ለሚልሽ ሰው አምስት ሳንቲም እንዳትልኪ። በጽሑፍ ያልሆነ ስምምነት፣ ስምምነት አይደለም።

ዲሲ ያለው፦ አማርኛ መጽሐፍ አማዞን ላይ እንዴት ነው የሚጫነው?

መልስ፦ እሱን የሚያውቅ ይመልስልህ። የእኔ ነገር ቀለምና ወረቀት ነው።

ኮምፒውተሩ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ፊደልህ ዩኒኮድ፣ ማለትም የትም ኮምፒውተር ላይ የሚነበበው ዓይነት፣ መሆኑን አረጋግጥ። በድሮው የአማርኛ መጻፊያ፣ በፓወር ግዕዝ፣ የተጻፈ ፋይል ሌላ ቦታ ሲከፈት እንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ይሆናል። የአባቴን 200 ገጽ ሁለት ወር ፈጅቶብኝ እንደገና ተይቤያለሁ።

ጥርጣሬ፦ ጋሼ «ለማታውቁት ሰው አስነብቡ» ይላሉ። ቢሰርቁኝስ?

መልስ፦ በዚህ ሁሉ ዓመት ከአንባቢ ቡድን የተሰረቀ ረቂቅ አንድም አላየሁም። ያየሁት ሌላ ነው። በቃል ተስማምተው፣ መጽሐፋቸው ሁለተኛ ጊዜ ታትሞ ሲሸጥ ከሱቅ መደርደሪያ ላይ ያወቁ ደራሲዎችን ነው። እኔም አንዴ ደርሶብኛል። «በመንፈስ አንድ ነን፣ ውል ምን ያደርጋል?» ብሎኝ ነበር። አሳታሚውን አልጠራውም።

የቅጂ መብት አዋጁን፣ ቁጥር 410/1996ን አንብብ። መብቱ ሥራው ወረቀት ላይ ከሰፈረበት ጊዜ ጀምሮ ያንተ ነው። የግድ ማስመዝገብ አያስፈልግህም። በሕይወት ዘመንህ፣ ከዚያም በኋላ 50 ዓመት ይጠበቃል። መብቱን ለሌላ የምታስተላልፈው በጽሑፍ ነው። ስንት ቅጂ፣ ስንተኛ እትም፣ ለስንት ዓመት የሚለው ይጻፍ። ወንድማማችነት ውልን አይተካም። ለጥንቃቄ ረቂቅህን የላክበትን ኢሜይል አታጥፋ፤ ቀኑ እዚያ አለ።

ተርጓሚዋ፦ የአንድ አሜሪካዊ ፓስተር መጽሐፍ ተርጉሜ ጨርሻለሁ።

መልስ፦ ፈቃድ አለሽ?

ተርጓሚዋ፦ ለጌታ ክብር ነው፣ ለትርፍ አይደለም።

መልስ፦ ፈቃድ አለሽ ወይ ነው ያልኩት። ከሌለሽ ዛሬ ጻፊላቸው። ከመተርጎምሽ በፊት ነበር።

መምህሩ፦ መጽሐፍ ቅዱስ ስንጠቅስ የትኛውን ትርጉም እንጠቀም?

መልስ፦ ይኸውላችሁ ጥያቄ ማለት! የ1954ቱም ይሁን አዲሱ መደበኛ ትርጉም፣ ወይም የኦርቶዶክሱ ሰማንያ አሐዱ፣ አንዱን ምረጡና መጽሐፉ መጀመሪያ ላይ ስሙን ጻፉ። ረጅም ረጅም የምትጠቅሱ ከሆነ የትርጉሙን ባለቤት አስፈቅዱ። ምዕራፍ አንድ ላይ ከአንዱ፣ ምዕራፍ ሁለት ላይ ከሌላው፣ ምዕራፍ ሦስት ላይ ከጭንቅላታችሁ አትጥቀሱ። ከጭንቅላቱ የሚጠቅስ ሰው ነው «ራስህን እርዳ፣ እኔም እረዳሃለሁ» የሚለውን ጥቅስ ብሎ የሚጽፈው። የትም የለም፤ ፈልጉት። ሌላው «ገንዘብ የክፋት ሥር ነው» ይላል። ጳውሎስ ያለው «ገንዘብን መውደድ» ነው፣ 1ኛ ጢሞቴዎስ 6፥10። አንዲት ቃል ስትጎድል ድሀም ሀብታምም ይኮነናል።

ዳዊት ላይ ደግሞ ተጠንቀቁ። የግዕዙ ዳዊት የሰባ ሊቃናትን፣ ማለትም የጥንቱን የግሪክ ትርጉም፣ ቁጥር ይከተላል። እዚያ 9ኛውና 10ኛው መዝሙር አንድ ላይ ናቸው። ስለዚህ ከ10 እስከ 147 ባለው ውስጥ ከዕብራይስጡ አቆጣጠር ጋር በአብዛኛው በአንድ ይለያያል። «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» በአንዱ 22 ነው፣ በሌላው 23። አንድ ደራሲ ለኀዘንተኛ መጽናኛ ብሎ በግዕዙ ቁጥር «መዝሙር 22» ብሎ አለፈ። ጥቅሱን አልጻፈውም። ኀዘንተኛው በእጁ ያለውን መጽሐፍ ቅዱስ ቢከፍት ያገኘው «አምላኬ፣ አምላኬ፣ ለምን ተውኸኝ» የሚለውን ነው። ቁጥሩን ብቻ አትስጡ። ቃሉን ጻፉት። ሕትመት ከመግባቱ በፊት አንድ ሰው ተቀምጦ እያንዳንዱን ጥቅስ ገልጦ ያመሳክር። አንባቢ ቡድናችሁ ውስጥ አንዱ ሥራው ይሄ ብቻ ይሁን።

ዲያቆኑ፦ ጋሼ ከጀመሩ አይቀር የፊደሉንም ያንሡልን። «ፀሎት» ተብሎ የታተመ መጽሐፍ አየሁ። ጸሎት በጸሎቱ ጸ ነው!

ለዘብተኛው፦ ወንድሜ፣ ሁለቱም ድምፃቸው አንድ ነው። አንባቢው ገብቶታል። ጌታ በጸ ካልጻፍክ አልሰማህም አይልም።

ዲያቆኑ፦ ሰአሊ ለነ ማለት ለምኝልን ነው። «ሠዐሊ ለነ» ብለህ ብትጽፍ ሥዕል ሣዪልን ማለት ይሆናል።

ለዘብተኛው፦ እኛ ሰአሊ ለነ አንልም።

ዲያቆኑ፦ «ምሕረት»ስ አትሉም? መሐረ ይቅር አለ ነው፤ መሀረ አስተማረ።

ለዘብተኛው፦ ይሄ ግዕዝ ነው። የምንጽፈው አማርኛ ነው።

መልስ፦ በቃ። ሁለታችሁም። ከዚህ ቀጥሎ የመጽሐፍ ቅዱስ መጻሕፍት 66 ናቸው 81 ናቸው ልትባባሉ ነው፤ አውቃችኋለሁ። ዲያቆኑ ልክ ነው። ለዘብተኛውም አንባቢው ይገባዋል ማለቱ ልክ ነው። የእኔ ደንብ፣ የመረጣችሁትን እስከ መጨረሻው ያዙ። ገጽ 12 ላይ ጸሎት፣ ገጽ 13 ላይ ፀሎት ካለ አርታኢ አላየውም ማለት ነው።

ተስፈኛ፦ መጽሐፌን ለማሳተም ስፖንሰር...

መልስ፦ አላገናኝም። ከላይ ተጽፏል።

ሰንበቴ፦ የኦርቶዶክስ መጽሐፍ ከመታተሙ በፊት ማን ያየዋል?

ዲያቆኑ፦ ጋሼ ይፍቀዱልኝ። መጀመሪያ ለሚያውቁህ መምህር ስጥ። ትምህርተ ሃይማኖት ከነካ ሊቃውንት ጉባኤ አለ። ጊዜ ይወስዳል፤ ታገሥ።

መልስ፦ እንዳለው ነው።

የደብረ ብርሃኑ፦ ረቂቄ 161 ገጽ ነው። አይኤስቢኤን፣ የመጽሐፍ መለያ ቁጥሩ፣ ከየት ነው የሚገኘው?

መልስ፦ ከኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት። ገጽህን ግን አስተካክል። ማተሚያ ቤት በፎርም ነው የሚሠራው፣ አንድ ፎርም 16 ገጽ ነው። 160 አሥር ፎርም ነው። ለአንዲት ገጽ ብለህ አሥራ አንደኛ ውስጥ አትግባ። ምስጋናውን አሳጥረው። ሁልጊዜ የሚረዝመው እሱ ነው። ግን ማን አነበበልህ?

የደብረ ብርሃኑ፦ ባለቤቴ።

መልስ፦ ምን አለች?

የደብረ ብርሃኑ፦ ጥሩ ነው አለች።

መልስ፦ ሌላ ሦስት ሰው ፈልግ።

የሐዋሳዋ፦ ጋሼ፣ ከቤይሩቷ እህቴ ጋር ተነጋግረናል። ከነገ ወዲያ ምዕራፍ አንድ እንለዋወጣለን። የደብረ ብርሃኑም ከፈለገ ይግባ።

የደብረ ብርሃኑ፦ እገባለሁ።

ዲያቆኑ፦ ጥቅስ የሚያመሳክር ከፈለጋችሁ እኔ አለሁ። ፊደልም አያለሁ።

ከቤይሩት፦ ግባ ወንድሜ። ግን እኔ ስልኬ ላይ ጸ የት እንዳለች አላውቅም።

ዲያቆኑ፦ አሁን ጻፍሻት እኮ።