አንቲቦዲውን ተይው፣ አዳም17 ቱቦው ውስጥ ራሱን እየበላ ነው

«ዌስተርን ብሎት (ፕሮቲኖችን በመጠን ለይቶ በአንቲቦዲ እንደ መስመር፣ ማለትም ባንድ፣ የሚያሳይ ዘዴ) ስሠራ የአዳም17 ትልቁ ባንድ ብቻ ይታየኛል፣ የበሰለው ትንሹ ባንድ የለም። ሴሎቹ ግን ቲኤንኤፍ አልፋ (ብግነት ቀስቃሽ ፕሮቲን) ወደ ውጭ ይለቃሉ። አንቲቦዲ ልቀይር?» ላልሽው እህቴ፣ አትቀይሪ። እኔ ሦስት ቀይሬ ሁለት ወር አቃጥያለሁ።

አዳም17 (ስሙ ምህጻረ ቃል ነው፣ ከሔዋን ባል ጋር ዝምድና የለውም) የሴል ሽፋን ላይ ተተክሎ ጎረቤት ፕሮቲኖችን ከሥራቸው የሚቆርጥ ኢንዛይም ነው። በ1997 እ.ኤ.አ. የታወቀውም፣ 26 ኪሎዳልተኑን (የፕሮቲን መጠን መለኪያ ነው) ቲኤንኤፍ አልፋ ቆርጦ 17 ኪሎዳልተኑን ቁራጭ የሚለቀው ማን ነው ተብሎ ሲፈለግ ነው። ሲሠራ አፉ ተለጉሞ ነው የሚወጣው። ልጓሙን ጎልጂ (የሴሉ ፕሮቲን ማሰናጃ ክፍል) አካባቢ ፉሪን የሚባል ሌላ ቆራጭ ይበጥስለታል። ልጓም ያለው ወደ 120 ኪሎዳልተን፣ የተፈታው፣ ማለትም የበሰለው፣ ወደ 100 አካባቢ ይታያል።

ችግሩ የሚመጣው ሴሉን ስትሰብሪው ነው። ሴል መስበሪያው ሳሙና (ዲተርጀንቱ) ሽፋኑን ሲያሟሟው ልጓም የሌለው ሁሉ ነፃ ይሆንና ራሱን ይቆራርጣል። የተለጎመው አይነካካም። ስለዚህ የሚጠፋው ባንድ ልክ አንቺ የፈለግሽው ነው! በረዶ ላይ ማስቀመጥ ብቻውን አያድነውም። የተለመደው የፕሮቲዬዝ ኢንሂቢተር ክኒንም፣ በተለይ ኢዲቲኤ (እንደ ዚንክ ያሉ ብረታ ብረቶችን የሚይዝ ኬሚካል) የሌለበት፣ እንደ አዳም17 ያለ በዚንክ የሚሠራ ኢንዛይም አይነካም።

መድኃኒቱ 1,10-ፌናንትሮሊን ነው፣ ዚንኩን ይነጥቀዋል። መስበሪያ ባፈሩ ላይ 10 ሚሊሞላር ጨምሪ። እኔ ያመንኩት አንድ ዲሽ ሴል ለሁለት ከፍዬ አንዱን በእሱ፣ ሌላውን ያለ እሱ ስሰብር ነው። በበነጋው ፊልሙን ሳየው ሳቅም ብስጭትም መጣብኝ፦ ትንሹ ባንድ ፌናንትሮሊን ባለበት ሌን (የናሙና መደዳ) ላይ ቁጭ ብሏል፣ ሌላው ላይ ወፍ የለም። አንቲቦዲው ከሦስቱ የመጀመሪያው፣ በቁጣ የጣልኩት ነበር።

ባንዱ ደብዛዛ ከሆነብሽ በኮንካናቫሊን ኤ (ስኳር የሚይዝ ፕሮቲን) ዶቃ ሰብስቢው፤ አዳም17 ስኳር ስላለበት ይያዛል። ማጠቢያው ላይም ፌናንትሮሊኑ ይኑር፣ ኤስዲኤስ (ፕሮቲን የሚያፈርስ ሳሙና) ውስጥ እስኪፈላ ድረስ አትመኚው። የፕሮቲን መጠን በቢሲኤ አትለኪ፣ ያ ዘዴ በመዳብ ስለሚሠራ ፌናንትሮሊኑ ያበላሽብሻል። ሴሎቹን ቆጥረሽ እኩል መስበር ይሻላል። ይሄኛውንም ያወቅኩት በራሴ ኪሳራ ነው።

የትኛው ባንድ የትኛው እንደሆነ ከተጠራጠርሽ ኢንዶ ኤች (ያልበሰለ ፕሮቲን ላይ ያለውን ስኳር የሚቆርጥ ኢንዛይም) ተጠቀሚ። የተለጎመው ጎልጂ ስላልደረሰ ስኳሩ ይነሳለታልና ወደ ታች ይወርዳል። የበሰለው ንቅንቅ አይልም።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፦ ሴሎቹን በፒኤምኤ (ይህን ቆረጣ የሚያነሳሳ ኬሚካል) ትቀሰቅሻቸዋለሽ? ለስንት ሰዓት? ለረጅም ሰዓት ከቆየ የበሰለው አዳም17 ከሽፋኑ ወደ ውስጥ ተስቦ በእርግጥም ይቀንሳል፣ ያ የቱቦ ጣጣ አይደለም። ቆረጣውን ለማየት ግማሽ ሰዓት ገደማ ይበቃል። ያልተቀሰቀሰ ናሙናም ጎኑ ጫኚ።

ይህን ሁሉ አድርገሽ ትንሹ ባንድ አሁንም ከሌለ፣ ያኔ አይሮም2 የሚባለውን ፕሮቲን ተመልከቺ። አዳም17ን ወደ ጎልጂ የሚያሻግሩት አይሮም1 እና አይሮም2 ናቸው፣ ሁለቱም ከሌሉ ልጓሙ አይፈታም። ግን ሴሎችሽ ቲኤንኤፍ እየለቀቁ ከሆነ እዚያ ድረስ የምትሄጂ አይመስለኝም። መጀመሪያ ፌናንትሮሊኑን ሞክሪና ፎቶውን እዚሁ ለጥፊልን።