እሳት ሲሽከረከር፦ ጠይቁኝ

ጅማ ውስጥ ስለ ቃጠሎ አስተምራለሁ። ስለ እሳትና ስለሚዞር አየር ጠይቁኝ ብዬ ነበር። የደረሱኝን በየተራ ልመልስ።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ጎረቤታችን በርጩማ ይሠራል። ግቢው ጥግ ላይ ሰጋቱራ ሲያቃጥል እሳቱ ድንገት ተጠማዞ እንደ ገመድ ቀጥ አለ። ምንድን ነው?

መልስ፦ ትንሽ የእሳት አውሎ ነው። ትኩስ አየር ወደ ላይ ሲወጣ ከታች ሌላ አየር ይተካዋል። ጥግ ላይ ሁለቱ አጥሮች ስለሚከልሉት በአንድ ወገን ይገባና መዞር ይጀምራል። ወደ መሃል በቀረበ ቁጥር ዙሩ ይፈጥናል። ነበልባሉ ይረዝማል፣ ሰጋቱራው ቶሎ ያልቃል፣ ፍሙም ሊበር ይችላል። ለጎረቤትህ ቦታ ይቀይር በለው።

ጥያቄ፦ ትልቅ ቢሆንስ?

መልስ፦ ከተማ ያወድማል። እ.ኤ.አ. በ1923 ቶኪዮ ላይ ከመሬት መንቀጥቀጡ በኋላ ሕዝብ ሸሽቶ የተጠለለበት ሜዳ ላይ እንዲህ ያለ አውሎ ደርሶ 38,000 ገደማ ሰው ጨርሷል።

ጥያቄ፦ ከሰል ሲያራግቡት ይፋፋማል፣ ሻማ ሲነፉት ይጠፋል። አየሩ ያው አይደል እንዴ?

መልስ፦ ይቺን ወደድኳት! ከሰሉ ሙቀቱን በሆዱ ይዟል፤ የጎደለው አየር ነው። ሻማ ላይ የሚነደው ግን ከክሩ የሚወጣው ተን ነው። ስትነፉት ተኑም ሙቀቱም ተጠርገው ይሄዳሉ።

የሚዞር አየርም እንዲሁ ሁለት ፊት አለው። በጸጥታ የሚነድ የቡታጋዝና የአየር ድብልቅ ውስጥ ነበልባል በሴኮንድ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ይገፋል። ትናንሽ ሽክርክሪቶች ሲገቡበት ይጨማደዳል። ነጠላ ሲጨማደድ ጠባብ ቦታ ላይ ብዙ ጨርቅ አይገባም? ነበልባሉም የሚነድበት ገጽ ይሰፋና ይፈጥናል። ሽክርክሪቱ ከልክ ካለፈ ግን ይለጠጣል፣ ሙቀቱ ይሸሸዋል፣ ድርግም ይላል።

ጥያቄ፦ ታዲያ የአውሮፕላን ሞተር ውስጥ ያ ሁሉ ነፋስ እያለ እንዴት አይጠፋም?

መልስ፦ አየሩን ሆን ብለው ያዞሩታላ። መሃሉ ላይ ግፊቱ ስለሚቀንስ የነደደው ጋዝ ወደ ኋላ ይመለስና አዲሱን ድብልቅ ይለኩሳል። ክብሪት አያስፈልገውም።

ጥያቄ፦ ጀበናዬ ቶሎ እንዲፈላ ምድጃውን በር ላይ ላውጣው?

መልስ፦ አውጪው እናቴ፤ የከሰል ጭስ ቤት ውስጥ ገዳይ ነው። ነፋሱ ከበረታ ግን በግድግዳ ከልይው። አለዚያ የምታሞቂው ጎረቤትሽን ነው።