ከድስቱ ጋር ማን ያድራል?

ልጄ፣ መልእክትሽ ደርሶኛል። ለትንሣኤ ከሰንበት ትምህርት ቤት ጓደኞችሽ ጋር 300 ነዳያን ልትመግቡ አስባችሁ «ስንት ኪሎ ሥጋ ይበቃናል?» ብለሻል። አጥንት የሌለው ከሆነ ለአንድ ሰው 150 ግራም ያዙ፤ በጠቅላላው 45 ኪሎ ይሆናል። ይህን ቁጥር ብቻ ጽፌ ልልክልሽ ስል ግን አንድ የቆየ ነገር ተቀሰቀሰብኝ። ለጓደኞችሽም አንብቢላቸው፤ ለሁላችሁም ነው የምጽፈው።

ከብዙ ዓመታት በፊት እንደ እናንተው ያሉ የአንድ ማኅበር ወጣቶች ለፋሲካ የሥጋ ወጥ አዘጋጁ። ዕለቱ ቀዳም ስዑር ነበር። ከጠዋት ጀምረው ሽንኩርት ሲከትፉ፣ ሥጋ ሲመትሩ ዋሉ። ከዕድር በተዋሷቸው ሁለት ባለ 80 ሊትር ድስቶች ሠርተው ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ አወጡት። ጾም ነውና የቀመሰ አልነበረም፤ ሥጋው ግን በደንብ በስሏል። ከዚያ ሁሉም ለሌሊቱ ቅዳሴ መሄድ ነበረባቸው። ድስቶቹን ከድነው፣ እንዳይቀዘቅዝ ብለው በጋቢ ጠቅልለው፣ በሩን ቆልፈው ሄዱ። ሙያዬ ሳኒታሪያን ነው፤ የምግብና የአካባቢ ጤና። በሩ ሳይቆለፍ እጄን ጋቢው ላይ አሳርፌ «ጎበዞች» ብያቸው አለፍኩ። ያን ጋቢ መግፈፍ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

ምን እንደሚሆን ልንገራችሁ። ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ የሚባል ባክቴሪያ አለ፤ በተለይ በሥጋ ወጥ ውስጥ ይመቸዋል። ድስቱ ሲንተከተክ አብዛኛው ተሐዋሲ ያልቃል፤ እሱ ግን ፍላት የማይበግረው ጠንካራ ቅርፊት ሠርቶ ውስጡ ይተኛል። ወጡ ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወርዶ ለብ ማለት ሲጀምር ይነቃል። በ45 ዲግሪ አካባቢ ደግሞ በየ10 ደቂቃው ገደማ እጥፍ እየሆነ ይራባል። አየር የማይወድ ፍጥረት ስለሆነ ትልቅ ድስት ሥር፣ ከላይ ቅቤ ከተንሳፈፈበት ወጥ ውስጥ መቀመጥ ለእሱ ምቾት ነው። በጋቢ የተጠቀለለ 80 ሊትር ወጥ መሐሉ እስኪነጋ ለብ እንዳለ ያድራል። ዶሮ እንቁላሏን እንደምትታቀፍ ማለት ነው።

ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሲከፍቱት ከላይ ጥቃቅን አረፋ ነበረው። እሳት ላይ መልሰው ጣዱት፤ ሥሩ መያዝ ሲጀምር «ሊያርብን ነው» ብለው አወረዱት። ዳር ዳሩ ፈላ፤ መሐሉ ግን ገና ለብ ያለ ነበር። ድስቱን ያዋሱት የዕድር እናት ክዳኑን አንስተው አሸተቱና «ልጆቼ፣ ይሄ ወጥ አድሯል፤ ድፉት» አሉ። ቤቱ ጸጥ አለ። ከዚያ አንዱ «የእግዚአብሔር ሲሳይ አይደፋም፤ ኃጢአት ነው» አለ። ሌሎቹም ከእሱ ጋር ሆኑ። መከለሻ ጨመሩበትና ጠረኑ ጠፋ።

4 ሰዓት ላይ ነዳያኑ በሉ፣ መረቁ። ሌሊቱን ሆዳቸውን ይቆርጣቸው፣ ያስቀምጣቸው ጀመር። ይህ በሽታ ከበሉ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ይመጣል፤ አብዛኛውን ጊዜም በአንድ ቀን ይለቃል። ግን ቤት ያለው ሰው ሆዱን ሲያመው ሽንት ቤት አለው። በቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር የሚያድረው ምን አለው? አንድ ዓይነ ስውር አባት ሌሊቱን በከዘራቸው መንገድ እየፈለጉ፣ በበዓል የለበሷትን ነጠላ አበላሽተው፣ ሰው እንዳያያቸው ከአጥሩ ጥግ ተጠግተው ነጋባቸው። ሁለት አረጋውያን ጤና ጣቢያ ገብተው በጉሉኮስ ነው የተረፉት። ወጣቶቹ ይህን የሰሙት ረቡዕ ነው። ሰኞ ተመልሶ የሄደ አልነበረም።

«ተርቤ አብልታችሁኛልና» የሚለውን ቃል ሁላችሁም በቃላችሁ ታውቁታላችሁ። ያ ወጥ ለማን እንደቀረበ አስቡት። ሲሳይን አለመድፋት የእናቶቻችን ትምህርት ነው፤ እኔም አከብረዋለሁ። ነገር ግን ለራሳችን የማንቀምሰውን ማቅረብ ሲሳይን ማክበር አይደለም። የሚያስፈልገው እንዳይደፋ አድርጎ ማብሰል ነው።

ስለዚህ ምክሬ ሥጋውን ተዉት ነው። ምስር ሥሩ። ምስር ጾም ላለውም ለሌለውም ይሆናል፤ ጥርስ የሌላቸው አረጋውያን ይበሉታል። ሌላም ምክንያት አለ። በየመንገዱ ከሚያድሩት ውስጥ ሙስሊሞች አሉ፤ እኛ ያረድነውን አይበሉም። በበዓላችን ቀን ጠርተናቸው ጦማቸውን መመለስ ትልቅ በደል ነው። ለ300 ሰው 25 ኪሎ ምስር ክክ፣ 15 ኪሎ ሽንኩርት፣ 6 ሊትር ዘይት፣ 80 ሊትር ያህል ውሃ። በርበሬው ከ1 ኪሎ ተኩል አይለፍ፤ ባዶ ሆድ ላይ የሚያርፍ ምግብ ነው። ጨው 1 ኪሎ፣ ከዚያ እየቀመሱ። እንጀራ 450 ቆጥራችሁ 50 መጠባበቂያ ያዙ። ትኩሱን እንጀራ በፌስታል አትጠቅልሉ፤ ያልበዋል፣ ቶሎም ይሻግታል። በሦስት ባለ 50 ሊትር ድስት አብስሉ እንጂ በአንድ ትልቅ አታብስሉ፤ ትልቁ ሥሩ እያረረ መሐሉ ጥሬ ይቀራል። እሳቱ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ይለኮስ፣ ምግቡ 3 ሰዓት ተኩል ይውጣ፣ 4 ሰዓት መብላት ይጀመር። ከእሳት ከወረደ 2 ሰዓት ያለፈው ወጥ እንደገና እስኪንተከተክ ሳይፈላ ለማንም አይሰጥ። ለእጅ ለአንድ ሰው 1 ሊትር ውሃ፣ ለመጠጥ ግማሽ ሊትር፤ ይህ ብቻ 450 ሊትር ስለሆነ ጀሪካኑን ከዋዜማው ሙሉት።

ይህን ከጻፍኩ በኋላ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። 55 ቀን ጾሞ ፋሲካን የጠበቀ ነዳይ እንደ ማንኛችንም ሥጋ ያምረዋል። የሀብታሙ ቤት ቅቤ እየሸተተው ለእሱ ምስር ይበቃዋል ማለት ልክ አይደለም። ስለዚህ ተዉት ያልኩትን ልመልሰው፤ ሥጋም ሥሩ፣ ግን የፋሲካ ጠዋት አይሁን። ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ 50 ቀን ረቡዕም ዓርብም አይጾምም። ያን ሁሉ ቀን ትታችሁ ለምን በአንድ ጠዋት ትጨናነቃላችሁ? በዚያ ጠዋት ሁሉም ያበላል፤ ደጀ ሰላሙ ላይ እንጀራ ይተርፋል። በማግስቱ፣ በማዕዶት፣ ዞር ብሎ የሚያይ የለም። በማዕዶት ማለዳ አርዳችሁ፣ በዚያው ማለዳ ሠርታችሁ፣ ከቀትር በፊት አብሉ። የምስሩንም ድስት ከጎኑ አታስቀሩ፤ ጭልፋውም የተለየ ይሁን።

ግድ የፋሲካ ጠዋት ነው ካላችሁ ደግሞ ከእናንተ 6 ሰዎች ወጡ ለብ እንዳይል እሳቱን እየጠበቁ ሌሊቱን ከድስቱ ጋር ይደሩ። ቅዳሴው እንደሚቀርባቸው አውቃለሁ፤ አስቀድማችሁ የንስሐ አባቶቻችሁን አማክሩ። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 እንደተጻፈው፣ የመጀመሪያይቱ ቤተ ክርስቲያን ማጉረምረም የተነሣው በዕለት ምግብ ዕደላ ነበር፤ መበለቶች ተረስተው ነው። ሐዋርያት ለማዕዱ የመረጧቸው መንፈስ ቅዱስና ጥበብ የሞላባቸውን ሰባት ሰዎች ነበር። ማዕድ ማገልገል የተረፈ ሰው የሚሠራው ሥራ አልነበረም።

ስለ ገንዘብ አያያዝና ስለ ደረሰኝ አልጽፍም፤ ይህን ከእኔ ይልቅ እናንተ በስልካችሁ ታውቁታላችሁ። ስለ ስልክ ካነሣሁ ግን አንድ ነገር ያሳዝነኛል። ዛሬ ድስቱ ሳይፈላ ካሜራው ይወጣል። የደረሰኝ ፎቶ አንሡ፣ ለለገሱት አሳዩ፤ እጁን ለእንጀራ የዘረጋ ሰው ፊት ግን አይነሣ። እጁን መዘርጋቱን የማያውቁ ዘመዶቹ ሊያዩት ይችላሉ። እናንተ ከእኛ ዘመን ወጣት ይልቅ ትለግሳላችሁ፣ ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ፤ መቆየት ነው የሚከብዳችሁ። ክብርት ዶክተር አበበች ጎበና በረሃቡ ጊዜ ለግሸን ማርያም ንግሥ ሄደው ሲመለሱ ሁለት ወላጅ አልባ ልጆች ይዘው ነበር የገቡት። ስለ እሳቸው ሲነገር ሁሉም የሚያነሣው በኋላ ያሳደጓቸውን ብዙ ልጆች ነው፤ እኔን ግን የሚገርመኝ ሁለቱን ይዘው ከገቡ በኋላ የመጣው የመጀመሪያው ተራ ማክሰኞ ነው።

አቀራረቡን ከዕድር እናቶች ተማሩ። እንግዶቹን አታሰልፉ፤ አስቀምጧቸው። ማስታጠቢያውን ይዛችሁ ወደ እነሱ ሂዱ፣ ጎንበስ ብላችሁ ውሃውን በቀስታ አፍስሱ። ዓይነ ስውር ከሆኑ «እጅዎን ላስታጥብዎ» ብላችሁ ድምፃችሁን አሰሙ፣ ወጡ ሳህኑ ላይ በየትኛው በኩል እንዳለ ንገሯቸው። «ለልጄ ልያዝለት» የሚሉ ይኖራሉ። ወጥ በፌስታል አትስጡ፤ ፀሐይ ላይ ውሎ ማታ ሕፃን ይበላዋል። 300 ዳቦ ለይታችሁ ለዚህ አስቀምጡ።

በማግስቱ ጠዋት ሁለት ሆናችሁ ተመለሱ። አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን የተጣራ ውሃና 20 ከረጢት ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ያዙ፤ አንዱ ከረጢት በ1 ሊትር ውሃ ይበጠበጣል። ከአጥሩ ጥግ ጀምራችሁ በየአንዳንዳቸው ፊት ቁጭ በሉና እንዴት እንዳደሩ ጠይቁ።